በፀጋዬ ስም የተጻፉ እሑዶች

ጻካኔ፣ ጥር 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን አለህልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት የጣለው ዝናብ ከማቀዝቀዣው በላይ በኩል ገብቶ አንድ ካርቶን ስኳር አበላሸብኝ። ቆርቆሮው ላይ ፕላስቲክ አልብሼ ድንጋይ ጫንኩበት። አንተ ብትሆን ጣሪያው ላይ ወጥተህ በሚስማር ትመታው ነበር። እኔ ከፍታ እንደምፈራ ታውቃለህ፤ ወንበር ላይ ቆሜ ነው ድንጋዩን የወረወርኩት። ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ቀን እንደገና ስለተራዘመ ቀኑን ሙሉ ሱቅ እውላለሁ።

የምጽፍልህ ምክርህን ፈልጌ ነው። ከአባባ ደብዳቤ መጥቶልሃል። እንደ ወትሮው ሆሳዕና ያለችው ፍሬገነት ፎቶ አንስታ በስልክህ ላከችው። ስልክህን ከሆስፒታል ከልብስህና ከጫማህ ጋር በፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ነው የሰጡኝ። የአባባን ጆሮ ሃያ ዓመት የነዱት ፔጆ ሞተር ባይጎዳው ኖሮ ይሄኔ ደውለው፣ ድምፅህን ሲያጡ ሁሉም ነገር ባለቀ ነበር። ደብዳቤ ግን ድምፅ የለውም። የኛን ወረቀት ፍሬገነት በፎቶ ኮፒ ቤቷ ፊደሉን አሳድጋ እያተመች ትሰጣቸዋለች፤ የሳቸውን ደግሞ ለኛ ትልካለች። በመካከል ማን እንዳለና ማን እንደሌለ የሚያውቅ የለም።

ከቀብርህ በኋላ ጋሽ ኤርሳዶ ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር ያለው ቤታቸው አስጠሩኝ። የእድሩ ሰብሳቢ ስለሆኑ ሌሎችም ነበሩ፤ ሁሉም ማስክ አድርገው ተራርቀው ተቀምጠዋል። አባባ የዓይን ሞራቸውን ገና አሁን ነው የተገፈፉት፤ ሐኪሙ ዕንባ ዓይናቸውን እንዳይነካው ብሏል። «መርዶ በሽማግሌ ነው የሚነገረው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቤታቸው ተገብቶ። አሁን ቢነገራቸው ያለቅሳሉ። ካለቀሱ ልጃቸውንም ዓይናቸውንም አጡ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ። ሆሳዕና ያለው ፓስተር በስልክ ተስማምቷል። ፌስቡክ ላይ ማንም እንዳይጽፍ ተባለ። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ደብዳቤው ከተቋረጠ ይጠረጥራሉ፣ ዓይናቸው እስኪሽር ድረስ በወንድምህ ስም ጻፍላቸው አሉኝ።

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ ብትጠይቀኝ አላውቅም። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ አንተን ቀብረዋል፣ ጫማቸው ላይ የመቃብርህ አፈር ነበረ።

አሁን አባባ የጠየቁህ ስለ ፔጆው አዳራሽ ነው። ሎክዳውን ቸርቹን ከዘጋው ጀምሮ እሑድ እሑድ እየዞርክ ያየሃቸውን የድሮ መኪና ፋብሪካዎች ስትጽፍላቸው፣ ከገና በኋላ ባለው እሑድ ደግሞ ፔጆ ይገጣጠምበት የነበረውን አያለሁ ብለሃቸው ነበር። እኔንም ይዘኸኝ ልትሄድ ነበር። አንተ ስላልሄድክ እኔ ልሄድልህ ነው፤ አይቼም ባንተ አፍ ልነግራቸው። ትቆጣኛለህ? ብትቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወረቀቱን ገና ሳልጀምረው ፊቴ ይቃጠላል።

ታናሽህ ማናሴ


ጻካኔ፣ ጥር 25 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

ከሁሉ በፊት የሚያስጨንቀኝ ዓይንዎ ነውና እሱን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ጠብታውን ሰዓቱን ጠብቀው ያድርጉ። እንዳይጎነበሱ፣ ሸክም እንዳያነሡ፣ ስለማንም ብለው እንዳያለቅሱ አደራ።

ጽሑፉ የማናሴ መሆኑን ሲያዩ እንዳይደነግጡ። የዘይት ጀሪካን ቀኝ እጄ ላይ ወድቆ ጣቶቼ ስላበጡ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ስለ በሽታው ለጠየቁኝ፣ እኛ ሰፈር ቀለል ብሏል። ሁለታችንም በጌታ ቸርነት ደህና ነን።

የፔጆውን አዳራሽ አየሁት። ከጀርሚስተን ወጣ ብሎ ከባቡር ሐዲዱ ጎን ነው። ዛሬ የአብዱረዛቅ የጅምላ መጋዘን ሆኗል። አብዱረዛቅ የወራቤ ልጅ ነው፤ ዱቄትና ዘይት የምናመጣው ከሱ ነው። ለዓመታት እየገባን ስንጭን የት እንደቆምን አናውቅም ነበር። ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ባሉት መስኮቶች ብርሃን በሰያፍ ይወርዳል። ሲሚንቶው ወለል ላይ ከዳር እስከ ዳር ሁለት የብረት ሐዲዶች ተቀብረዋል። መኪናው ባዶ አካል ሆኖ በዚህኛው በር ይገባል፤ በሐዲዱ ላይ እየተገፋ ሞተሩ ይቀመጥለታል፣ መስታወትና በር ይገጠምለታል፤ በዚያኛው በር በራሱ ጉልበት እየተነዳ ይወጣል። አሁን በሐዲዱ ግራና ቀኝ የበቆሎ ዱቄት እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። አብዱረዛቅ ፎቶ ሳነሳ አይቶ፣ «ሰው ስቶክ ዕቃ ሊወስድ ይመጣል፣ አንተ ደግሞ ወለል ትመርቃለህ» ብሎ ሳቀብኝ።

በሩን የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ አለ። ስሙን አላውቅም፤ እዚህ በዕድሜ የገፋ ወንድ ሁሉ ምኩሉ ይባላል፣ አያት እንደማለት ነው። በወጣትነቱ እዚያው ሠራተኛ ነበር። ምን ትሠራ ነበር ስለው «የኋላ ግራ በር ነበርኩ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ የኋላ ግራ በር ይገጥም ነበር ማለቱ ነው። መኪናው ውስጥ ተቀምጠህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። ለጥቁር ሠራተኛ መግፋት እንጂ መቀመጥ አይፈቀድም ነበር አለኝ። ስለርስዎ ነገርኩት፤ የዚያን መኪና መሪ ከሆሳዕና ሻሸመኔ ለሃያ ዓመት የያዘ አባት አለኝ አልኩት። «አባትህን ጠይቅልኝ፤ የኋላ ግራ በሩ ይንኳኳ ነበር?» አለ።

ልጅዎ ፀጋዬ፣ በማናሴ እጅ


ሆሳዕና፣ የካቲት 10 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ፀጋዬ፣

ደብዳቤህን አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱን በመነጽር፣ ሁለቱን ያለ መነጽር። ፊደሉ እንደ ዝንብ መሆኑ ቀርቷል፤ አሁን እንደ ጉንዳን ነው። ስለማንም እንዳላለቅስ አደራ ማለትህ አሳቀኝ። እናታችሁን ቀድሜ አልቅሼላታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ማን ቀረኝ? ሁለታችሁ ደህና ናችሁ።

ያንን ሰውዬ ሰላም በልልኝ። ይንኳኳ ነበር። ከሆሳዕና ሻሸመኔ ድረስ ይንኳኳ ነበር። አጠገቡ የሚቀመጠው ተሳፋሪ በሩን በገመድ ይዞ ነበር የሚሄደው፤ አንዳንዱ ቦታውን የማይፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። የኔ መኪና ግን ከፈረንሳይ የመጣ ነው ተብሎ ስለሆነ የገዛሁት፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ቢሆንም ይቅርታ ቢለኝ አልጠላም። ከዚህ በፊት እዚያ አገር መሪው በቀኝ ነው ላልከኝ፣ ያ መኪና ሳይሆን እንግዳ ቤት ነው። ሹፌር በሚስቱ ወንበር ተቀምጦ እንዴት ይነዳል?

ወንበር ላይ አልተፈቀደለትም ያልከው ግን ሌሊቱን አላስተኛኝም። እኔ ሃያ ዓመት ስቀመጥ ማን እንደገጠመው አስቤ አላውቅም። ስትጽፍ እንዲህ ያለውን አትተውብኝ። ድሮ ስለ ሕንፃው ቁመትና ስፋት ነበር የምትጽፍልኝ፤ አሁን ሰው አመጣህ። እጅህ ሲታመም አፍህ ተፈታ መሰለኝ።

ሌላም ልብ ያልኩት ነገር አለ። ደብዳቤህን ያተመችው ልጅ ወረቀቱን ሰጥታኝ አልሄደችም። አጠገቤ ተቀምጣ እንደገና አነበበችው፤ ሽማግሌው ጋ ስትደርስ አፏን በሻርፗ ያዘች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላህ ነው። እናትህ ብትኖር ይህን የምታነሣው እሷ ነበረች። አሁን ይህንን ወረቀት ፎቶ የምታነሣው ራሷ ስለሆነች ብዙ አልጽፍም። ገብቶሃል። መልስህን በደንብ አስበህ ጻፍ፤ እሷም ታነበዋለችና።

አባትህ ዱካሞ


ጻካኔ፣ መጋቢት 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

የዘገየሁት ማናሴ ትምህርት ስለጀመረ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ከባድ ነው፤ ተማሪዎቹን ከፍለው በፈረቃ ነው የሚያስተምሯቸው፤ እሱ በማይማርበት ቀን ሱቁን ይይዝልኛል። እጄ ገና አልዳነም። በፊተኛው ደብዳቤዎ ፎቶዬን ለጠየቁኝ፣ ፀጉሬን እስክስተካከል ይታገሱኝ።

ትናንት እሑድ ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ ገባሁ። የሀገራችን ሰዎች ልብስና ብርድ ልብስ የሚሸጡበትን ጂፒን ነግሬዎታለሁ። ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ አንድ ማዕዘኑ የተጠማዘዘ ሕንፃ አለ። ድሮ መንገዱ በሙሉ የመኪና ነጋዴዎች ሰፈር ነበር ይላሉ። ከበሩ በላይ ክንፍ ያለው ጎማ በሲሚንቶ ተቀርጿል፤ አንደኛው ክንፍ ረግፏል። አዳዲስ መኪኖች በመስታወት ውስጥ ይታዩበት የነበረው ምድር ቤት ዛሬ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። ከጀርባ በኩል ግን ጠመዝማዛ መንገድ አለ፤ መኪና እየዞረ እስከ አራተኛ ፎቅ የሚወጣበት፣ በሕንፃው ሆድ ውስጥ። ሲሚንቶው ላይ የጎማ ጥቁር ምልክት እስከዛሬ አለ። እርስዎ ቢሆኑ በሦስተኛ ማርሽ አይወጣም፣ በሁለተኛ ነው የሚሉ ይመስለኛል።

ከዚያ በታክሲ ሶዌቶ ድረስ ሄጄ የቀድሞውን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሁለት ማማዎች አየሁ። ከሆዳቸው ሰፋ፣ ከወገባቸው ቀጠን ያሉ፣ በሥዕል የተሸፈኑ ግዙፍ ጋኖች ናቸው። መብራቱ ወደ ከተማው ይሄድ ነበር አሉ፤ ማማዎቹ አጠገብ ያሉት ቤቶች ግን በሻማ ነበር የሚያመሹት። ዛሬ ከአናታቸው ላይ ሰው በገመድ ታስሮ ይዘላል። ትናንት ማንም አልዘለለም፤ ቆሜ ጠብቄ ነበር።

ያ የጠየቁኝ ነገር ገብቶኛል። እንደ እርስዎ ፈቃድ ይሁን። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያናግረኝ በሱቁ መስኮት ፍርግርግ በኩል ነው። ጽሑፌን እየጠበቀ የሚያነብልኝ ሰው መኖሩን ሳስብ ልቤ ይሞቃል። ለዚያ ሰው አክብሮቴን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ፀጋዬ፣ በማናሴ እጅ


ጻካኔ፣ መጋቢት 7 ቀን 2013 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ትናንት የላክሁትን አንብበኸው ከሆነ አታናግረኝም።

መጀመሪያ ቀላሉን ልንገርህ። ያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣሁ። ሰው አልነበረም። ከዚያ እጆቼን መሪ እንደያዘ ሰው ዘርግቼ ቁልቁል ሮጥኩ። በአፌ የሞተር ድምፅ አሰማሁ። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ከታች የምታጸዳ ሴትዮ መጥረጊያዋን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግታ አቆመችኝና መንጃ ፈቃድ አለች። ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ታክሲ ውስጥ ገብቼ እስክቀመጥ ድረስ አንተ መሞትህን ረስቼው ነበር። ያንን እሑድ ለአባባ ባንተ ስም ስጽፍ ሩጫውን ዘለልኩት። አንተ አትሮጥም ነበራ።

ሁለተኛው የፍሬገነት ነገር ነው። እኔ ትወዳት እንደሆነ አላውቅም። ነግረኸኝ አታውቅም። አባባ መልስ ሲጠይቁ እምቢ ልል ብዕሩን አንስቼ ነበር። ግን አንተ ለአባባ እምቢ ብለህ አታውቅም፤ እምቢ ብል አንተን አልመስልም ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ ዝም ብዬ እንደ ፈቃድዎ ብል ይበቃ ነበር። ስለ ፍርግርጉ የጻፍኩት ያንተ አይደለም። የኔ ነው። እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ያንን ስጽፍ የማስበው አንድ ሰው እንዲያነበኝ ብቻ ነበር፤ እሷ እንደምታምነው አላሰብኩም።

ለጋሽ ኤርሳዶ ደውዬ ነገርኳቸው። ጥሩ አደረግህ አሉኝ። የአባባ ዓይን ሽሮ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ፋሲካ እየመጣ ነው፣ በዓላቸውን አናበላሽባቸው አሉኝ።

ማናሴ


ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ፀጋዬ፣

ሐኪሙ ዓይኔን አየና አባባ አሁን መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ አለኝ። ከእንግዲህ ፊደል ማሳደግ አያስፈልግም። ያም ሆኖ ልጅቷ እስካሁን እያሳደገች ታመጣለች፤ እኔም አላስቆምኳትም።

የሁለተኛ ማርሽ ነገር ልክ ብለሃል። ሁለተኛ ነው።

ሽማግሌ ልኬ አባቷን አናግሬያለሁ። ግንቦት 1 ቀን እሑድ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌዎቹ ቤቱ ይሄዳሉ። የመረጥኳቸውን ሦስቱንም ታውቃቸዋለህ፣ ቸርች የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው አንገታቸውን ደፉ። አንደኛው እንደውም ተነሥቶ ወጣ፤ ሳል ይዞኛል አለ። የዛሬ ሽማግሌ ደስታ ሲነገረው እንኳ ቶሎ አይስቅም። አባቷም ቸርች ሳገኘው እሺ ይምጡ አለ፤ ዓይኔን ሳያይ ነው ያለው። ሴት ልጅ ያለው አባት እንዲህ ነው፤ አልፈርድበትም።

ለራስህ ካፖርት አዘጋጅ። አውሮፕላኑ ሲከፈት ትመጣለህ። የቀረውን እኔ አለሁ።

ማናሴ፣ አንተን ደግሞ ልጠይቅህ። ይህን ሁሉ ወረቀት በወንድምህ ስም ስትሞላ ስለራስህ አንድ መስመር አጣህ? እንዴት ነህ?

አባታችሁ ዱካሞ


ጻካኔ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2013 ዓ.ም.

እህቴ ፍሬገነት፣

ይህን አታትሚው። ለአባባ አይደለም፣ ላንቺ ነው። ሱቅ ውስጥ ሰው ካለ ወደ ጓሮ ወጥተሽ አንብቢው።

ፀጋዬ የለም። ከገና በፊት ታመመ፤ ትንፋሽ ሲያጥረው አምቡላንስ ወሰደው፤ እኔን በር ላይ መለሱኝ። ገና ዋዜማ ሞተ። እዚሁ ቀበርነው። ከጥር ጀምሮ ያተምሽውን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ማናሴ ነኝ።

ይህን ለመጻፍ ካንቺ ሌላ መንገድ ፈልጌ ነበር። የለም። ለአባባ የሚሄደው ሁሉ መጀመሪያ ባንቺ እጅ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ስለራስሽ ጉዳይ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ፣ ከስልክ ላይ ብቻሽን ልታነቢው ነው። ለዚህም ይቅርታ። ለሌላውም።

ለጋሽ ኤርሳዶ ትናንት ነገርኳቸው፤ እሑድ ሽማግሌ ሊመጣ ነው አልኳቸው። ይምጡ፣ አባቷ ሌላ ጊዜ ተመለሱ ይላሉ፣ ደንቡ ነው፣ በዚያ መካከል ፓስተሩ ቀን ይመርጣል አሉኝ። ጋሽ ኤርሳዶ ክፉ ሰው አይደሉም። ወንድሜን ያጠቡት እሳቸው ናቸው፣ ሌላው ሰው ሁሉ በሽታውን ሲፈራ። ግን ሽማግሌ ተቀምጦ አንቺን ለሞተ ሰው ሲጠይቅ፣ አንቺ ደግሞ ጓዳ ሆነሽ ስትሰሚ ታየኝ። ትናንት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ሆኜ ታየኝና አስተማሪው ስሜን ሲጠራ ፀጋዬ ብዬ መለስኩ።

እሑድ ሳይደርስ አንቺ እወቂ። ከዚያ ያለው ያንቺ ነው። ለአባባ እንዴት እንደሚነገር ደግሞ ለደንቡ የሚሆን ሰው ፈልጊ። እኔ ደንቡን አፍርሻለሁ።

ማናሴ ዱካሞ


ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2013 ዓ.ም.

ማናሴ፣

አነበብኩት። ጓሮ አልወጣሁም፤ የሰው መታወቂያ ኮፒ እያደረግሁ ነበር። ሰውየው ኮፒው ጠቆረ አለኝ፤ እንደገና አደረግሁለት።

ቤት ሄጄ ለአባቴ ስልኩን ሰጠሁት። ሳያነበው መለሰልኝ። ያውቅ ነበር። ከጥር ጀምሮ ያውቅ ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎችም ያውቁ ነበር። አባባ ዱካሞ ልከዋቸው ሲመጡ አባቴ እምቢ ቢል ምክንያት ይጠየቃል፤ ምክንያቱን ከተናገረ መርዶ አወጣ ይባላል። ስለዚህ እሺ ይምጡ አለ። እነሱም እሺ አሉ። እሑድ ሊመጡ፣ ሊቀመጡ፣ ልጅህን ለልጃችን ሊሉ ነበር፤ አባቴም ላስብበት ሊል። የመንደሩ ሰው ግማሹ ያውቅ ነበር። ዳቦ የምትሸጥልኝ ሴትዮ ታውቅ ነበር። የማናውቀው አባባ ዱካሞና እኔ ብቻ ነበርን። አዲስ ሻርፕ ገዝቼ ለሰው ሁሉ አሳይቻለሁ። እንዴት ብለው እንዳዩኝ አሁን ነው የገባኝ።

አባቴን እሑድ ሽማግሌ ቤታችን ከገባ እኔ ራሴ ወጥቼ እናገራለሁ አልኩት። በማግስቱ ፓስተሩን ይዞ መጣ። ትናንት ጎህ ሲቀድ ሄዱ። ሴት አትሄድም ብለውኝ ነበር፤ ሄድኩ። አባባ ዱካሞ በሩን ከፍተው ሁሉንም አንድ በአንድ አዩ። ጆሯቸው አይሰማምና ፓስተሩ ጮክ ብሎ ሊናገር ሲል፣ ተዉት፣ ገብቶኛል አሉ። በአዲሱ ዓይናቸው ከኛ ፊት አነበቡት። ቁጭ አሉ። ከዚያ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ማናሴ ከማን ጋር ነው ያለው?»

አልቅሰዋል። ዓይናቸው ደህና ነው።

የፍርግርጉን መስመር የጻፍከው አንተ ነህ ወይስ እሱ ከመሞቱ በፊት ያለውን ነው? እውነቱን ንገረኝ። ልቆጣህ እፈልጋለሁ፤ ገና አልደረስኩበትም። ከዚህ ጋር የአባትህን ደብዳቤ ልኬልሃለሁ። ሳላነበው ነው ፎቶ ያነሣሁት።

ፍሬገነት


ጻካኔ፣ ግንቦት 8 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለአባባ፣

በራሴ ስም ስጽፍልዎ ይህ ከጥር ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ።

ይቅርታ አትጠይቀኝ፣ ያስጨነቁህ ትልልቆቹ ናቸው ብለዋል። እሺ፣ አልጠይቅም። ግን ማንም እጄን ይዞ አልጻፈልኝም። ሲጽፉልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ፀጋዬ ሰው አመጣህ ሲባል ደስ ያለኝ እኔ ነበርኩ። እሱ ሞቶ እኔ በሱ ስም ተመሰገንኩ፤ ይህን ለማን እንደምናገር ስለማላውቅ ለርስዎ እናገራለሁ። ለፍሬገነት ደግሞ የፍርግርጉ መስመር የኔ ነው ይበሉልኝ። ለሷ ራሷ ጽፌ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

ስለ ፋብሪካዎቹ እውነቱን ለጠየቁኝ፣ አዳራሹ እውነት ነው። ሽማግሌው፣ ጠመዝማዛው መንገድ፣ ማማዎቹ እውነት ናቸው። ያልዋሸሁት ያየሁትን ነው፤ የዋሸሁት ያየውን ሰው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስቶክ ልናመጣ ስንሄድ ለምኩሉ ነገርኩት። ባርኔጣውን አወለቀ። አብዱረዛቅ እሱ ራሱ ዕቃዬን ጫነልኝ፤ አልቀለደም።

ከማን ጋር ነው ያለሁት? ጋሽ ኤርሳዶ የእህታቸውን ልጅ ልከውልኛል። አብረን እናድራለን፤ ያንኮራፋል።

የመጀመሪያዋን ጠዋት ብቻህን እንዴት አደረግካት ብለው ለጠየቁኝ፣ ለማንም አልተናገርኳትም። ከቀብር ማግስት ነው። ትሮይቪል እደር ብለውኝ ነበር፤ ባዶ ሱቅ ይዘረፋል ብዬ እምቢ አልኩ። ገና ሳይነጋ በመስኮቱ ዳቦ የሚፈልጉ ሰዎች ያንኳኳሉ፤ ሁልጊዜ የሚከፍተው እሱ ነበር። ተንኳኳ። ተኛሁ። ደግሞ ተንኳኳ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ብርድ ስለነበረ በእጄ የገባልኝን አደረግሁ፤ የሱን ጃኬትና የሱን ኮፍያ። ማስክ አጠለቅሁ። መስኮቱን ከፈትኩ።

ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው አሮጊት ነበረች፣ ጎጎ ነው የምንላት፣ ሴት አያት እንደማለት። ገና ጨለማ ነው፤ እኔም ከዓይኔ በቀር የሚታይ የለኝም። ሻል አለህ ልጄ፣ አምቡላንሱን አይቼ ሳልተኛ ሰነበትኩ አለችኝ። እሱ መስያት ነው። አይደለሁም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

ተሽሎኛል አልኳት። በሱ አነጋገር ነው የመለስኩላት፣ ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ወፈር አድርጎ። ዳቦና ወተት ሰጠኋት። እጇን በፍርግርጉ አስገብታ እጅጌዬን ያዘች። ትንሹስ የት አለ አለችኝ።

ውስጥ ተኝቷል አልኳት።

«አትቀስቅሰው» አለችኝ። «ልጅ ነው። ደንግጦ ነበር። ደህና አድርገህ ያዘው።»

እሺ አልኳት። ከኋላዋ የቆመው ሰው ሁለት ዳቦ ፈለገ፤ ሰጠሁት። ከሱ ኋላ ያለችው እንቁላል ፈለገች፤ ሰጠኋት። ፀሐይ ወጥታ ፊቴ መታየት እስኪጀምር ድረስ ሸጥኩ፤ ከዚያ መስኮቱን ዘጋሁ።

ልጅዎ ማናሴ